ለተራ አስከባሪ የተሰጠ ቁልፍ

ኮምፒውተርና ማተሚያ ከጥንት ጀምሮ እኩል አይራመዱም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1959 ከ1401 ኮምፒውተሩ ጋር ያወጣው 1403 የተባለ ማተሚያ በደቂቃ 600 መስመር ያትም ነበር። ለዘመኑ የሚያስደንቅ ፍጥነት ነው፤ ቢሆንም ትልቁ ኮምፒውተር ወረቀቱ ታትሞ እስኪያልቅ ቆሞ ቢጠብቅ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጉልበት ይባክናል። ስለዚህ ውጤቱ መጀመሪያ በማግኔት ቴፕ ላይ ይጻፍና ማተሚያው በራሱ ጊዜ ከቴፑ እያነበበ ያትማል። የሕትመት ሥራ ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ ወረፋ አስይዞ ለማተሚያው የሚያደርስ ፕሮግራም «ስፑለር» ይባላል። በታክሲ ማቆሚያ እንደምናውቀው ተራ አስከባሪ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ያውቃል፣ ማን ቀጥሎ እንደሚሄድ ይወስናል፣ ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም። ይህ ተራ አስከባሪ ዛሬም በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ደግሞ ሰርጎ ገቦች ደጋግመው ከገቡባቸው በሮች አንዱ ሆኗል። ታሪኩን ከሥሩ ስንከተለው በየጊዜው የተገኙት ክፍተቶች ብዙ ቢመስሉም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸው ይታያል፦ ወረፋ እንዲያስከብር ለተቀጠረው የቤቱ ሁሉ ቁልፍ ተሰጥቶታል፤ ጠጋኞቹም በየዓመቱ በሩን ሲጠግኑ ቁልፉን ግን አልተቀበሉትም።

ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ተራ አስከባሪው ኤልፒዲ ይባል ነበር። በኦገስት 1990 አሠራሩ አርኤፍሲ 1179 በሚል ቁጥር ሰነድ ሆኖ ወጣ። በሰነዱ ውስጥ የዛሬን ባለሙያ የሚያስደነግጥ አንድ ደንብ አለ። የሕትመት ጥያቄ የሚልክ ኮምፒውተር ጥያቄውን ከ721 እስከ 731 ቁጥር ካላቸው የኔትወርክ ወደቦች በአንዱ መላክ አለበት ይላል። ደንቡ ምክንያት ነበረው። በዩኒክስ ከ1024 በታች ያሉትን ወደቦች መክፈት የሚችለው የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ ብቻ ስለነበር፣ በዚያ በኩል የመጣ ጥያቄ ኃላፊነት ያለበት ሰው ያረጋገጠው ተደርጎ ይቆጠራል። ማሽን ውድ፣ አስተዳዳሪውም ጥቂትና የታወቀ በነበረበት ጊዜ ይህ ያስኬድ ነበር። ሰው ሁሉ የገዛ ኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ሲሆን ግን ያ ቁጥር የማንም ምስክር መሆኑ ቀረ። በጃንዋሪ 2001 ራመን የተባለው ትል በሬድ ሃት ሊኑክስ ማሽኖች ላይ ሲዛመት ከተጠቀመባቸው ክፍተቶች አንዱ ኤልፒዲን በተካው ኤልፒአርኤንጂ ውስጥ የነበረ ነው።

ዋናው ታሪክ ግን በዊንዶውስ በኩል ያልፋል። ማይክሮሶፍት በጁላይ 1993 ዊንዶውስ ኤንቲን ሲያወጣ ስፑለሩን «ሲስተም» በሚባለው መለያ ሥር እንዲሠራ አደረገው። በዊንዶውስ ውስጥ ከዚህ በላይ ያለ ተራ መለያ የለም፤ ሲስተም ያልከለከለውን የሚከለክል አስተዳዳሪ አይገኝም። ለምን ይህን ያህል ሥልጣን አስፈለገ? ማተሚያዎች እንደየኩባንያው ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም ድራይቨር የሚባል የራሱ አስተርጓሚ ፕሮግራም ይፈልጋል። በሦስት መቶ ሠራተኞች መሥሪያ ቤት አዲስ ማተሚያ በገባ ቁጥር የአይቲ ባለሙያው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ድራይቨር ይጫን ቢባል ሥራ ይቆማል። መፍትሔው «ፖይንት ኤንድ ፕሪንት» የተባለው ዘዴ ሆነ፦ ተጠቃሚው ማተሚያውን ይመርጣል፣ ስፑለሩ ድራይቨሩን ከሰርቨሩ አምጥቶ ይጭናል፣ ማንም አስተዳዳሪ አይጠራም። በ1996 በወጣው ኤንቲ 4 ደግሞ የማተሚያ ድራይቨሮች ለፍጥነት ሲባል እስከ ሥርዓተ ክወናው እምብርት ድረስ እንዲገቡ ተፈቀደ። በኋላ ያ ስህተት ታርሞ በዊንዶውስ ቪስታ ፈጽሞ ተከለከለ፤ ስፑለሩ ራሱ ግን በያዘው ሥልጣን ቀጠለ። ንድፍ አውጪዎቹን ግድየለሾች ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የቢሮ ኔትወርክ ከቢሮው ግድግዳ በማይወጣበት ጊዜ አብሮህ የሚሠራ ሰው ማተሚያ መስሎ ይመጣል ብሎ መጠርጠር እንግዳ ነገር ነበር። ከባዱ ጥያቄ ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ለምን አልተመለሱበትም የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ምስክር በ2010 መጣ። በዚያ ዓመት ጁን ላይ አንድ የቤላሩስ የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ያገኘው ስታክስኔት የተባለ ትል የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ መሣሪያዎች ለማበላሸት የተሠራ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ወደ ግቢው በፍላሽ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ከማሽን ወደ ማሽን ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ግን ስፑለሩ ነበር። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ስታክስኔት ማተሚያውን ለሌሎች ወዳጋራ ኮምፒውተር እንደ ማንኛውም እንግዳ የሕትመት ሥራ ይልካል። ዊንዶውስ «ወረቀት ላይ ሳይሆን ፋይል ላይ አትምልኝ» የሚል ጥያቄ ይቀበላል፤ ስታክስኔትም የፋይሉን ቦታ የዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ያደርገዋል። ስፑለሩ ጠያቂው እዚያ መጻፍ ይፈቀድለት እንደሆነ ሳይመረምር በራሱ ሥልጣን ይጽፈዋል። ሁለት ፋይል ይበቃ ነበር፤ አንዱ ትሉ ራሱ ነው፣ ሁለተኛው ዊንዶውስ ከተወሰነ ፎልደር አንሥቶ በራሱ የሚያስፈጽመው አነስተኛ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ማተሚያው አንድም ወረቀት አላወጣም፤ የታተመው አጥቂው ነው። ማይክሮሶፍት ማሻሻያውን በሴፕቴምበር 14 ቀን 2010 አወጣ። ይህ ክፍተት ግን ከ17 ወራት በፊት፣ በኤፕሪል 2009፣ ሃኪን9 በተባለ የፖላንድ መጽሔት ላይ በዝርዝር ታትሞ ነበር። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለዚህ ነበር፤ ቅጠሉ በእጅ እያለ ማንም ልብ አላለውም። ማተሚያ የደህንነት ጉዳይ ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፦ ያረጀ ፕሮግራም ሁሉ ስህተት አያጣም፤ ተገኘ፣ ተጠገነ፣ አለቀ። ቀጣዮቹ ዓመታት እንዳላለቀ ያሳያሉ። በጁላይ 2016 ቬክትራ የተባለ ኩባንያ ተመራማሪዎች ተንኮለኛ ማተሚያ ወይም ማተሚያ መስሎ የቀረበ ማሽን በፖይንት ኤንድ ፕሪንት በኩል መርዘኛ ድራይቨር ሊያስጭን እንደሚችል አሳዩ፤ የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው ክፍተት ነው። የተሰጠው መልስ ያልታመነ ድራይቨር ሲጫን ተጠቃሚውን የሚያስጠነቅቅ መልእክት ነበር። በ2018 ሌላ ተመራማሪ ለስፑለሩ የርቀት ጥያቄ በማቅረብ ብቻ ማንኛውም ሰርቨር፣ የድርጅቱን የይለፍ ቃሎች የሚጠብቀው ሰርቨር ሳይቀር፣ አጥቂው ወዳዘጋጀው ማሽን ሄዶ ማንነቱን እንዲያሳይ ማድረግ እንደሚቻል ገለጠ። ማይክሮሶፍት ይህን እንደ ስህተት ሳይሆን እንደ ታሰበ አሠራር ቆጠረው። የሕትመት ሁኔታ ሲለወጥ እንዲነገረኝ ብሎ የሚጠይቅ ተጠቃሚን ለማገልገል የተሠራ ነበርና፣ በንድፉ ዓይን እውነትም ስህተት አይደለም። ስህተቱ ንድፉ ነበር።

በ2020 የሆነው ይህን ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በሜይ ወር አሌክስ ዮኔስኩና ያርደን ሻፊር «ፕሪንትዲመን» ብለው የሰየሙትን ክፍተት ዝርዝር አሳተሙ። በዊንዶውስ ማተሚያ የሚገናኝበት «ፖርት» ገመድ ብቻ አይደለም፤ የፋይል አድራሻም ሊሆን ይችላል። አንድ ተራ ተጠቃሚ በአንድ መስመር ትእዛዝ በዊንዶውስ ዋና ፎልደር ውስጥ የሚገኝ ፋይልን ፖርት አድርጎ ይመዘግባል። በመስኮቱ በኩል ቢሞክር ይከለከላል፤ በትእዛዝ ሲመጣ ግን ጠባቂ የለም። ከዚያ ያትማል፤ ስፑለሩም በተጠቃሚው ስም ሊጽፍ ሞክሮ አይሳካለትም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስፑለር ሥራ አይረሳም፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ወረፋው እንዳይበተን እያንዳንዱን ጥያቄ በዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የተቀመጠውን ሥራ ያነሣዋል፣ ማን እንዳዘዘው ግን በእጁ የለም፤ ስለዚህ በራሱ ስም፣ በሲስተም ሥልጣን፣ ይጽፈዋል። ከአሥር ዓመት በፊት በስታክስኔት የተጻፈው ታሪክ ይኸው ነው፤ ፋይል ማተም፣ የማይገባ ቦታ መጻፍ፣ ሁሉን ቻይ ሆኖ መጻፍ። ማይክሮሶፍት በሜይ ጠገነው፤ በኦገስት እንደገና ጠገነው፤ ምክንያቱም ፖርቱ ሲመዘገብ የተፈቀደ ፎልደር አሳይቶ፣ ከተመረመረ በኋላ ፎልደሩን ወደ ተከለከለው በሚመራ አቋራጭ መተካት ይቻል ስለነበር ነው። ተመራማሪዎቹ የስፑለሩ አብዛኛው ክፍል ከኤንቲ 4 ወዲህ እምብዛም አለመለወጡን ጽፈዋል።

ከዚያ 2021 መጣ። ጁን 8 ቀን ማይክሮሶፍት ከወርኃዊ ማሻሻያዎቹ ጋር አንድ የስፑለር ክፍተት ጠገነ፤ ጉዳቱ በዚያው ማሽን ላይ የተወሰነ ነው ተባለ። ጁን 21 ቀን ምደባው ተለወጠ፤ ከርቀትም ኮድ ማስፈጸም ያስችላል ተብሎ ታረመ። ሳንግፎር የተባለው የቻይና ኩባንያ ተመራማሪዎች በኦገስት በላስ ቬጋስ ብላክ ሃት ጉባኤ ላይ ስለ ስፑለር ጥናት ሊያቀርቡ እየተዘጋጁ ነበር። የተጠገነው የእነርሱ ግኝት መስሏቸው ጁን 29 ቀን የማጥቂያ ኮዳቸውን ይፋ አደረጉ። ሌላ ነበር፤ ወይም የተጠገነው ግማሹ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ወዲያው አነሡት፤ በኢንተርኔት አንዴ የወጣ ነገር ግን አይመለስም፣ ቅጂው በብዙዎች እጅ ገብቷል። «ፕሪንትናይትሜር» የሚለው ስም የዓለም ዜና ሆነ።

የጥፋቱን ልብ ለማየት ወደ ኮዱ መጠጋት ያስፈልጋል። ከርቀት ድራይቨር ለማስጫን የሚያገለግለው ጥሪ ጠያቂው ድራይቨር የመጫን መብት እንዳለው ይመረምራል። ምርመራው ግን በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሁኔታውም ከጥሪው ጋር ከሚላኩት ምልክቶች በአንዷ ቢት ይወሰናል። ምልክቱን የሚሞላው ጠያቂው ራሱ ነው። እንግዳው ለዘበኛው «እኔን አትፈትሸኝ» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል፣ ዘበኛውም አንብቦ ያሳልፈዋል። በኔትወርኩ ውስጥ መለያ ያለው ማንኛውም ሰው፣ ትናንት የተቀጠረ ተለማማጅም ቢሆን፣ በዚህ መንገድ የድርጅቱን ሁሉ መለያዎች ወደያዘው ሰርቨር ገብቶ ጌታ ይሆናል። ያ ሰርቨር እኮ ማተሚያ የለውም። ስፑለሩ እዚያ የሚሠራው ከመጀመሪያው በርቶ ስለሚመጣ ነው፤ አለኝ የሚለው ሥራም ከአገልግሎት የወጡ ማተሚያዎችን ስም ከማውጫው ማጽዳት ነው። ለዚህች ጽዳት ሲባል የቤቱ ሁሉ ቁልፍ በደጅ ተሰቅሎ ነበር።

ጁላይ 6 ቀን አስቸኳይ ማሻሻያ ወጣ፤ በማግሥቱ ለቀሩት የዊንዶውስ ስሪቶች ተከተለ። ጁላይ 13 ቀን ሲሳ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደህንነት ተቋም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እስከ ማግሥቱ እኩለ ሌሊት ድረስ መለያዎችን በያዙት ዋና ሰርቨሮች ላይ ስፑለሩን እንዲያቆሙ አዘዘ። አጥፋው የሚለው ትእዛዝ ከጥገናው ይልቅ እውነቱን የተናገረ ይመስለኛል። በዚያው ወር፣ ጁላይ 20 ቀን፣ ሴንቲነልዋን የተባለ ኩባንያ በኤችፒ፣ በሳምሰንግና በዜሮክስ ማተሚያዎች ድራይቨር ውስጥ ከ2005 ጀምሮ የተቀመጠ ክፍተት አሳወቀ፤ 16 ዓመት ሙሉ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ውስጥ ማንም ሳያየው ኖሯል። ኦገስት 10 ቀን ማይክሮሶፍት በመጨረሻ የድሮውን የፖይንት ኤንድ ፕሪንት ውል ነካ፤ ከእንግዲህ ድራይቨር የሚጭነው አስተዳዳሪ ብቻ ነው አለ። ፋይል ቆልፈው ቤዛ የሚጠይቁ ቡድኖች ግን በዚያው ወር ክፍተቱን እየተጠቀሙ ነበር፤ ቫይስ ሶሳይቲና ማግኒበር ከነርሱ መካከል ናቸው።

ጥፋቱ ማሻሻያ የማይጭኑ ሰነፍ መሥሪያ ቤቶች ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፣ ወደ እርሱም እመለሳለሁ። ነገር ግን ጁን 8 ቀን የወጣውን ማሻሻያ በዚያው ዕለት የጫነ ትጉህ አስተዳዳሪ ጁን 29 ቀን በሩ ክፍት ነበር። በሴፕቴምበር የወጡ ማሻሻያዎች ደግሞ በብዙ ቢሮዎች ማተሚያዎችን ከኔትወርክ አቋረጡ፤ ሠራተኛው የሚያየው 0x0000011b የሚል የስህተት ቁጥር ብቻ ነበር። ደመወዝ የሚታተምበት ቀን ደርሶ ማተሚያው ሲዘጋ ማሻሻያውን ከኮምፒውተሩ ያራገፈውን ሰው ለመውቀስ እቸገራለሁ። ትጉህነት መፍትሔ የሚሆነው ጥገናው ሥራን በማያቆምበት ጊዜ ነው፤ ድራይቨሩን፣ ሥልጣኑንና ወረፋውን አንድ ላይ ባሠረ ንድፍ ላይ ግን አንዱን ስትጎትት ሌላው ይበጠሳል። ከዚህ የከፋውም ነበር። በኦክቶበር 2022 የተጠገነ አንድ የስፑለር ክፍተት የሩሲያ ወታደራዊ መረጃ ክፍል ሰርጎ ገቦች «ጉስኤግ» በተባለ መሣሪያ ቢያንስ ከጁን 2020 ጀምሮ ሲገለገሉበት እንደቆዩ ማይክሮሶፍት በኤፕሪል 2024 አስታወቀ። ከጥገናው በፊት ለነበሩት ሁለት ዓመታት የዩክሬንና የምዕራብ አውሮፓ መሥሪያ ቤቶች የሚጭኑት ማሻሻያ አልነበረም።

የትጋት ጥያቄ በእውነት የሚነሣው በ2023 ነው። ፔፐርከት የአውስትራሊያ ኩባንያ ምርት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ማን ስንት ገጽ እንዳተመ ለመቁጠርና ለማስከፈል ይጠቀሙበታል። አንድ ክፍተት ከ8ኛው ስሪት ጀምሮ ተቀምጦ ኖሮ በጃንዋሪ ለኩባንያው ተነገረ፤ ማርች 8 ቀን ተጠገነ። ክፍተቱ ለማመን የሚከብድ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲጫን በመጨረሻ የሚታይ «ዝግጅቱ ተጠናቋል» የሚል ገጽ አለው፤ እዚያ ያለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው አሁን የጫነው አስተዳዳሪ ስለሚሆን ያለ ይለፍ ቃል ይገባል። ገጹ ግን ከዓመታት በኋላም አድራሻውን ለሚያውቅ ሁሉ ይከፈታል። የገባው እንግዳ ቀጥሎ ለማተሚያዎች ትእዛዝ መጻፊያ የሆነውን ክፍል ያበራል፣ ትእዛዞቹ እንዳያመልጡ የሚያጥረውን አጥር ያጠፋል፣ ከዚያ የፈለገውን ይጽፋል፤ ሰርቨሩም በሲስተም ሥልጣን ይፈጽምለታል። ጥገናው ከወጣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በኤፕሪል አጋማሽ፣ ጥቃቱ ጀመረ። ሜይ 11 ቀን ኤፍቢአይና ሲሳ ብላዲ የተባለ ቡድን የትምህርት ተቋማትን እየቆለፈ መሆኑን አስጠነቀቁ፤ በአሜሪካ ለኢንተርኔት ከተጋለጡት የፔፐርከት ሰርቨሮች 68 በመቶ ያህሉ የትምህርት ተቋማት ነበሩ። እዚህ ላይ አምስቱ ሳምንታት በከንቱ አልፈዋል፤ ያን አልክድም። ግን የገጽ ቆጣሪ ፕሮግራም ተሰብሮ የተቋማቱ መረጃ አብሮ የተዘረፈው ቆጣሪው የሰርቨሩ ጌታ ስለነበር ነው። የስፑለሩ ውል ወደ ሌላ ኩባንያ ምርት ተዛውሮ እናገኘዋለን።

በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ተራው ወደ ሊኑክስ ተመለሰ፤ ይህኛው ለክርክሬ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ሲሞኔ ማርጋሪተሊ ከፕስ በተባለው የሊኑክስ የሕትመት ሥርዓት ውስጥ አራት ክፍተቶችን ይፋ አደረገ። አንዱ ክፍል በ631 ወደብ ላይ ከማንኛውም ሰው «እኔ ማተሚያ ነኝ» የሚል መልእክት ተቀብሎ አዲሱን ማተሚያ ይመዘግባል፤ ማተሚያ ነኝ ባዩ ስለ ራሱ በሚሰጠው መግለጫ ውስጥ የተሰወረ ትእዛዝም አንድ ሰው ወደዚያ ባተመ ጊዜ ይፈጸማል። በእምነት በኩል ከዊንዶውስ የተሻለ አልነበረም። ትእዛዙ የሚፈጸመው ግን ኤልፒ በተባለ፣ ከማተም በቀር ብዙ በማይፈቀድለት መለያ ነው። አጥቂው ወደ ቤቱ ይገባል፣ የሚያገኘው ግን የበረኛውን ክፍል ነው፤ ወደ ሳሎን ለመዝለቅ ሌላ ክፍተት መፈለግ ይኖርበታል። ዕድሜ ብቻ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አሮጌ ሥርዓቶች እኩል በወደቁ ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ የሆስፒታሉና የመጋዘኑ ነው። የመድኃኒት መለያ የሚያትም፣ የጭነት ወረቀት የሚያወጣ አሮጌ ማተሚያ አዲስ ድራይቨር አያገኝም፤ የድሮውን አሠራር ብትዘጋ ሥራው ይቆማል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ የሠላሳ ዓመቱን መዘግየትም ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው እርሱ ነው። ሆኖም አሮጌው ማተሚያ ባለበት አንድ ክፍል የሚያስፈልገው ሥልጣን ማተሚያ በሌለባቸው ማሽኖች ሁሉ ላይ እንዲበራ የሚያስገድድ ምክንያት አልነበረም። ማይክሮሶፍትም ይህን ዘግይቶ ተቀብሏል። በሴፕቴምበር 2023 የውጭ ኩባንያዎችን ድራይቨሮች ቀስ በቀስ የማቋረጥ ዕቅድ አወጣ፤ በዲሴምበር የሕትመት ክፍተቶች ለደህንነት ክፍሉ ከሚደርሱት የዊንዶውስ ጥቆማዎች 9 በመቶውን እንደሚይዙ ገለጸ፣ ከነዚያም ከግማሽ በላዩን የሚያስቀር አዲስ የሕትመት አሠራር አስተዋወቀ። በአዲሱ አሠራር የውጭ ድራይቨር አይጫንም፤ ስፑለሩም አብዛኛውን ሥራ በሲስተም ፈንታ በተጠቃሚው ሥልጣን ይሠራል። በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 ስሪት ጀምሮ በማተሚያዎች ቅንብር ገጽ ላይ አንድ ማብሪያ ሆኖ ተቀምጧል። ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ያበራው ሰው በአሮጌ ድራይቨር የሚሠሩ ማተሚያዎቹ ከዝርዝሩ ሲወጡ ያያል።